ቤቱን የምትጠብቀው እህት ደሞዟ ስንት ነው?

ሰው አገር የሚኖርና አዲስ አበባ ላይ የሚከራይ ቤት ያለው ሀበሻ «ቤቱን ማን ያስተዳድርልሃል?» ሲባል መልሱን አያስብበትም። «እህቴ አለች»፤ «ወንድሜ አለ»፤ «የአክስቴ ልጅ እዚያው ሰፈር ነው»። «ስንት ትከፍላታለህ?» የሚል ጥያቄ ከተከተለ ግን ወይ ይስቃል ወይ ይቆጣል። ለእህት ደግሞ ይከፈላል እንዴ?

አዎ፣ ይከፈላል። በገንዘብ ካልተከፈለ በሌላ ነገር ይከፈላል፤ ያ ሌላው ነገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከገንዘቡ የበለጠ ውድ ነው።

«ቤቴን ዘመድ ያስተዳድረው ወይስ ሰው ልቅጠር?» የሚለው የየቡናው ክርክር ከመነሻው ተሳስቷል። አስተዳዳሪዋ ድሮ ተቀጥራለች። ሥራውን እየሠራች ነው። የሌላት ውልና ደሞዝ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እምቢ የማለት መብት።

የዚህችን እህት አንድ እሑድ ማየት ይበቃል። ኮንዶሚኒየሙ ጀሞ ነው እንበል፣ ሦስተኛ ፎቅ። እሷ የምትኖረው አስኮ። ከቅዳሴ ስትወጣ ስልኳ ላይ ከተከራዩ አምስት ያልተመለሰ ጥሪ ታገኛለች። የማድ ቤቱ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወርዷል፤ የታችኛዋ ጎረቤት «ኮርኒሴ ተበላሸ፣ ማን ነው የሚያሠራልኝ?» ብላ በር ላይ ቆማለች። እህት ታክሲ ከታክሲ እየቀያየረች ትደርሳለች። የሰፈሩ ቧንቧ ሠራተኛ ቀኑ እሑድ መሆኑን አይቶ ዋጋውን ይሰቅላል። ዕቃ ይገዛል፣ ጎረቤት ይለመናል፣ ተከራይ ይረጋጋል። ማታ ወንድሟ ጋ «3,000 ብር ከፍዬ አሠርቼዋለሁ» የሚል መልእክት ይሄዳል። ከወንድም የሚመጣው መልስ ወደ ላይ የተቀሰረች አውራ ጣት ናት።

ይህ እሑድ ብቻ ነው። ወረዳ ሄዶ ውል ማስመዝገብ አለ፤ «ሲስተም የለም፣ ነገ ኑ» መባል አለ፤ ዓመታዊ የኪራይ ገቢ ግብር አለ፤ የብሎኩ ማኅበር ለጥበቃና ለውሃ ፓምፕ የሚሰበስበው መዋጮ አለ፤ ተከራይ ሲለቅ ቀለም ማስቀባት፣ ቁልፍ ማስቀየር፣ ቤት ሊያዩ ለሚመጡ አሥራ አምስት ሰዎች አሥራ አምስት ጊዜ በር መክፈት አለ። እህት የራሷ ሥራ አላት፣ ልጆች አሏት። ስለዚህ ከሁለት ነገር አንዱ ይሆናል፤ ወይ የራሷን ሕይወት ትበድላለች፣ ወይ የወንድሟን ቤት።

ወንድም ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ መልእክቱን ያነበዋል። «ለአንድ ቧንቧ 3,000?» ይላል በልቡ። ደረሰኝ መጠየቅ ያምረዋል፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። እህቱን እንዴት ደረሰኝ ይጠይቃል? አይጠይቅም። አይረሳም ግን። በሚቀጥለው ወር ኪራዩ በአራት ቀን ዘግይቶ ሲገባ እሱንም አብሮ ያስቀምጠዋል። በሁለተኛው ዓመት አንድ የአገር ልጅ «ያ አካባቢ እኮ ኪራይ ጨምሯል፣ የአንተ ለምን እንዲህ ሆነ?» ሲለው የተከማቸው ሁሉ ይገጣጠምለታል። እሷም በበኩሏ አከማችታለች። ስንት ታክሲ፣ ስንት ቀን ከሥራ ቀርታ፣ ስንት ጊዜ ከተከራይ ጋር ተጣልታ፤ አንድም ቀን «ደከመሽ» አልተባለችም። ይህ ሁሉ የሚፈነዳው ቤቱን በሚመለከት ቀን አይደለም። እናት ስትታመም ነው፣ ወይም ለቅሶ ላይ። «አንተማ ያችን ቤት ሰጥተኸኝ...» ተብሎ ይጀመራል።

እንዲህ የተቆራረጠ ቤተሰብ የማያውቅ ካለ ዘመዱ ሁሉ አገር ቤት ያለ ሰው መሆን አለበት። ቤይሩት ወይም ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ ዓመታት ያጠራቀመችውን ልካ፣ ስትመለስ ስለ ገንዘቧ መጠየቅ እንደ ክህደት የተቆጠረባት ሴት ታሪክ በየሰፈሩ አለ። ሁሉም ወንድም ሌባ ሆኖ አይደለም። ሒሳብ መተሳሰብ እንደ ነውር በሚታይበት ቤት ሌባውም ሐቀኛውም አንድ ዓይነት መልክ ስላላቸው ነው። ሐቀኛዋ እህት ንጹሕነቷን የምታሳይበት ወረቀት የላትም። የነፃ አገልግሎት ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ በመጀመሪያ የሚጎዳውም ታማኙን ነው።

«ድሮም እንዲሁ ነበር፣ ተስማምተን ኖረናል» የሚል መኖሩ አይቀርም። ድሮ ግን ቤት ማከራየት በቃል የሚያልቅ ነገር ነበር። አሁን አይደለም። የተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 2016 ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያስገድዳል። ዝቅተኛው የኪራይ ዘመን 2 ዓመት ነው። ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ጭማሪ ደግሞ ባለቤቱ ደስ ባለው ቀን የሚያደርገው ነገር መሆኑ ቀርቶ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያወጣው መጠን ይገዛል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የኪራይ ገቢን በሠንጠረዥ «ለ» ግብር የሚከፈልበት ካደረገውም ቆይቷል።

አዋጁ ለተከራይ ያደላል፣ አከራይን ያስራል ብሎ የሚከራከር ይከራከር፤ ያ ሌላ ርዕስ ነው። እዚህ ላይ የሚያገባው አንድ ነገር ነው፦ ማከራየት አሁን ቀነ ገደብ ያለው፣ ወረቀት ያለው፣ ቅጣት ያለው ሥራ ሆኗል። ለ2 ዓመት የሚገባ ተከራይ በስህተት ከተመረጠ ስህተቱም ለ2 ዓመት ነው። ይህን ሥራ «እግረ መንገድሽን እይልኝ» ብሎ ለእህት መስጠት ሥራውን አለማወቅ ነው።

ወደ ውክልናው እንምጣ ቢባል ደግሞ ጉዱ ይብሳል።

ሰውየው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዶ ውክልና ሲሰጥ የተዘጋጀ ቅጽ ይሰጠዋል ወይም ከጓደኛው ይቀዳል። በዚያ ቅጽ ላይ ወኪሉ እንዲያከራይ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ በዋስትና እንዲያሲዝ፣ ከባንክ ገንዘብ እንዲያወጣ፣ እንዲከስና እንዲከሰስ፣ ሌላ ወኪል እንዲወክል ይላል። ሰውየው ይፈርማል። ወረቀቱ በውጭ ጉዳይ አልፎ ሰነዶች ማረጋገጫ ይገባል። ቧንቧ ለማስቀየር ሲባል ቤቱን መሸጥ የሚያስችል ሥልጣን ተሰጠ ማለት ነው።

ሕጉ ይህን አላስገደደም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2204 ተራ የአስተዳደር ሥራ የሚላቸውን ይዘረዝራል፤ ንብረትን መጠበቅና ማደስ፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ የሚፈለግ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 2205 መሸጥንና ማስያዝን የመሳሰለው ልዩ ሥልጣን ተለይቶ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ማለትም ቤት ለሚያስተዳድር ሰው የሚበቃው ሥልጣን በሕጉ ውስጥ ተለክቶ ተቀምጧል። የ2 ዓመቱ የኪራይ ውል እንኳ በዚያ በ3 ዓመቱ ልክ ውስጥ ይገባል። አበሻ ግን ለዘመድ ሲሰጥ መቁረስ አያውቅም፤ ሙሉውን ይሰጣል፣ ከዚያ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። ወኪሉ ባዕድ ቢሆን ኖሮ ያን ቅጽ በፈረመው? አንድ በአንድ ያነበው ነበር። እንግዲህ ሰው ለባዕድ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለራሱ ወንድም ቢያደርገው የሚጎዳ ማነው?

አሁን በሌላ ወገን ያሉት የሚሉትን መስማት ተገቢ ነው፤ ከንቱ ነገር አይሉምና።

የመጀመሪያው መከራከሪያ «አዲስ አበባ ላይ አስተዳዳሪ የሚባለው ደላላ ነው» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው። የደላላ ጥቅም ያለው ቤቱ ሲከራይ ነው፤ ተከራይ በተቀያየረ ቁጥር ኮሚሽን አለው። ስለዚህ ተከራይ እንዲቆይ የሚያደርግ ምንም ምክንያት የለውም፣ እንዲወጣ የሚያደርግ ግን አለው። ለእንዲህ ያለ ሰው ቁልፍ መስጠት በጉን ለቀበሮ መስጠት ነው። ነገር ግን ይህ የአከፋፈሉ ችግር ነው። አስተዳዳሪው የሚከፈለው በየወሩ በትክክል ከተሰበሰበው ኪራይ ላይ በመቶኛ ከሆነ፣ ቤቱ ባዶ በሆነ ወር የእሱም ኪስ ባዶ ይሆናል። ተከራይ ሲቀየር ተጨማሪ ኮሚሽን የሚባል ነገር በውሉ ላይ አይገባም። እንዲህ ተዋውሎ የማይሠራ ደላላ ይቀር፤ የሚሠራ ይገኛል። ሥራው ገና ጀማሪ መሆኑ እውነት ነው፤ ጀማሪ የሚሆነው ግን ከፋይ ስለሌለው ጭምር ነው። ከተማው ውስጥ ይህን ሥራ በነፃ የሚሠሩ እህቶች ሞልተው እያሉ ማን ሙያ አድርጎ ይይዘዋል?

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር የሚሰበሰብ ኪራይ ወደ ዶላር ሲለወጥ አንሷል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ኪራዩን ደግሞ እንደ ልብ መጨመር አይቻልም። «ከዚህ ላይ ደግሞ 10 በመቶ ለሰው?» የሚል ባለቤት ብሶቱ ይገባል።

ሒሳቡን ግን ይሥራው። ኪራዩ በወር 25,000 ብር ነው እንበል። 10 በመቶው 2,500 ነው፣ በዓመት 30,000። ይህ ገንዘብ ቤቱ አንድ ወር ከስድስት ቀን ባዶ ቢቀመጥ የሚታጣው ነው። እህት «ሳይመቸኝ ቀረ» እያለች ቤቱ ባዶ የሚቀመጠው ስንት ጊዜ ነው? በጊዜ ያልተደፈነ የቧንቧ ፍንጥር የታችኛውን ኮርኒስ ካወረደ ስንት ይጠይቃል? ያልተከፈለ ግብር ቅጣቱና ወለዱ ሲደመር ስንት ይሆናል? ባለቤቱ 2,500 አዳንኩ የሚለው እነዚህን ስለማይጽፋቸው ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። «ባዕድ ይሰርቃል፣ ዘመድ ግን ደም ነው፤ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ» ይባላል። ባዕድ ይሰርቅ ይሆናል። ባዕድ ግን ይባረራል። ውሉ ይቋረጣል፣ ውክልናው ሰነዶች ማረጋገጫ ተሂዶ ይሻራል፣ ጉዳዩ ካስፈለገ ጠበቃ ይዞ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ወንድምን ማባረር ግን ምን ይመስላል? እናት አለች መሐል ላይ። ሽማግሌ አለ። ውክልና የተሻረበት ወንድም «ሌባ ተባልኩ» ብሎ ሠርግ ይቀራል። ሊባረር የማይችል ሠራተኛ ሐቀኛ ቢሆን እንኳ አደገኛ ነው፤ ሐቀኛ ሆኖ ሥራውን ባይችልስ? እህት ታማኝ መሆኗ ተከራይ መምረጥ ትችላለች ማለት አይደለም። ርኅሩኅ በመሆኗ ብቻ ስድስት ወር ያልከፈለ ተከራይ ማስወጣት ያቃታት ስንት አለች። ወንድም ደግሞ ያን ርኅራኄ ስርቆት አድርጎ ያነበዋል።

ተከራዩን የሚያስታውስ በዚህ ክርክር ውስጥ ጠፍቷል። ተከራይ ኪራዩን ይከፍላል፤ ሮቶው ሲሰነጠቅ ግን የሚያናግረው ሰው የለውም። ለእህት ይደውላል፤ «ወንድሜን ልጠይቅ» ትላለች። ወንድም ተኝቷል፣ እዚያ ሌሊት ነው። ሲነሳ «ይቆይ፣ በሚቀጥለው ወር» ይላል። እሷ ያለ እሱ ፈቃድ 500 ብር የማውጣት ሥልጣን የላትም፤ በወረቀት ላይ ቤቱን መሸጥ ትችላለች፣ ሮቶ መግዛት ግን አትችልም። ተከራዩ ሦስት ሳምንት በጄሪካን ይቀዳል። ከዚያ ኪራይ ሲያዘገይ «ዱርዬ ተከራይ» ይባላል።

አስተዳዳሪ የማያስፈልገው ሰው የለም ማለት ግን አይደለም። ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ሠርቶ የሚያከራይ፣ ጠዋት ጠዋት ከተከራዩ ጋር የሚገናኝ አባወራ ለማን ብሎ ይከፍላል? እሱ ራሱ አስተዳዳሪ ነው፤ ቆጣሪውን ያነባል፣ በሩ ሲበላሽ በራሱ መዶሻ ይጠግነዋል። ይህ ሰው ሰው ከቀጠረ ገንዘቡን ጣለ። እዚያው ከተማ ውስጥ ሆኖ አንድ ኮንዶሚኒየም ያለው፣ ጊዜ ያለው ጡረተኛም እንደዚያው። ጉዳዩ ርቀትና ጊዜ ነው። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሁለቱም የሉትም፤ ስለዚህ የሌላ ሰው ጊዜ ይጠቀማል። የሌላ ሰው ጊዜ ዋጋ አለው።

ሌላም ተለይቶ መታየት ያለበት አለ። ብዙ ቤት «ተከራይቷል» ቢባልም ኪራዩ ባሕር ማዶ አይሄድም። እናት ትበላበታለች፣ ታናሽ ወንድም ይማርበታል። ይህ ቅዱስ ነገር ነው፤ ኪራይ ማስተዳደር ግን አይደለም፣ ቤተሰብ መርዳት ነው። ክፋቱ ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። ባለቤቱ በደግ ቀኑ «ለእማዬ ይሁን» ይላል፤ ሥራ ያጣ ዕለት «የሦስት ዓመት ኪራይ የት ገባ?» ብሎ ይመጣል። ኪራዩ የእናት ከሆነ የእናት ነው ተብሎ ይነገር፣ ያኔ ሒሳብ መጠየቅ ይቅር። የባለቤቱ ከሆነ ደግሞ በስሙ በተከፈተ ሒሳብ ይግባ፤ እናት የምትረዳው ከዚያ ወጥቶ ነው። በወኪሏ ሒሳብ ገብቶ ከአስቤዛዋ ጋር የተቀላቀለ ኪራይ መቼም ተለይቶ አይወጣም፤ አዋጁ በባንክ ይከፈል ያለው እንኳ ለዚህ ዓይነቱ ቤት ምንም አልጠቀመም።

እንግዲህ ለእህት መክፈል ከተወሰነስ? ይቻላል፤ እንዲያውም ለብዙዎች የተሻለው መንገድ እሱ ነው። ሰፈሩን ታውቃለች፣ ሰው ታውቃለች፣ የምትሠራውን ሥራ ድሮም ሠርታዋለች። የሚለወጠው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በወር ይህን ያህል መቶኛ ይከፈላታል። ሳትጠይቅ እስከዚህ ብር ድረስ ጥገና ታሠራለች፤ ከዚያ በላይ ትጠይቃለች። የደረሰኝ ፎቶ በወሩ መጨረሻ ትልካለች፤ ደረሰኝ የማይቆርጥ ሠራተኛ ሲሆን የስልክ ቁጥሩንና የተከፈለበትን ቴሌብር። ውክልናው ለማከራየት፣ ለማሳደስ፣ ለመሰብሰብና ግብር ለመክፈል ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ደረሰኝ መጠየቅ ስድብ አይሆንም፤ ሥራው ነው። እሷም «ደሞዜ አነሰ» ማለት ትችላለች፤ ዛሬ ማለት የማትችለው ይህን ነው።

«ለእህቴ እንዴት አድርጌ ነው ይህን የምላት?» የሚል ይኖራል። እህት ግን ብዙ ጊዜ ከወንድሟ በፊት አስባዋለች። ይሉኝታው የሁለቱም ነው፤ እሱ ደረሰኝ መጠየቅ አፍሮ፣ እሷ ደሞዝ መጠየቅ አፍራ ሲጠባበቁ ዓመታት አልፈዋል። ቀድሞ መናገር ያለበት ቤቱ የእሱ የሆነው ሰው ነው። ምናልባት «እሺ» ትለዋለች። ምናልባትም ረጅም ትንፋሽ ተንፍሳ «እውነቱን ንገረኝ ካልክማ ድሮም ሰልችቶኛል፣ ሌላ ሰው ፈልግ» ትለዋለች። ያን ጊዜ ሌላ ሰው ይፈለጋል፤ ቁልፉን ከእሷ ሲረከብ የቆጣሪው ንባብ ይጻፍ፣ ሁለቱም ይፈርሙ፣ አንዱ ቅጂ ለእሷ ይቅር።